ጨው ከመበተናችሁ በፊት እግሩን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሱሉልታ ነው። ጉዳዬ የመንገድ ወይም የመብራት አይደለም፤ እሱን ሌሎች አንባቢዎች በደንብ አድርገው ይጽፉታል። የኔ ጉዳይ ግቢያችን ውስጥ ስለሚዘለውና ስለሚሳበው ነገር ነው። እንቁራሪት፣ ጉርጥ፣ እስስት፣ እንሽላሊት። እንዳትስቁ፣ ቁም ነገር ነው።

በኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ ጨውና በረኪና ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ማታ ከቦዩ ጩኸቱ ይጀምራል። ጠዋት አንዱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ይነሳበታል፤ ጨው ይበተናል፣ በረኪና ይደፋል፣ ዘበኛው ዱላ ይዞ ይመጣል። ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። "መርዝ አለው" ከተባለ በቃ፣ ተፈረደበት። እስስቱም መርዛም፣ ጉርጡም መርዛም፣ ብሎኬት ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ምስኪን እንሽላሊትም መርዛም።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በክረምት ወራት አንዲት ትንሽ ማዕዘን ለነዚህ እንስሳት ስጡልን፤ ፎቶ ከነመለያው። ሰው ለይቶ ካወቀ አይገድልም የምል የዋህ አይደለሁም። ግን ቢያንስ የትኛው ጋ መጠንቀቅ፣ የትኛውን ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ እንዳለበት ያውቃል። እስከዚያው የማውቀውን ልበል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ወሬው ከረዘመ የሙያ ልማድ ነውና ታገሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። እንጦጦ ላይ የዘነበው ውሃ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ አዲስ አበባ የወረደው በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፣ ወደኛ የወረደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ግን ውሃው ቶሎ አይወርድም፤ ተኝቶበት ይከርማል። ብዙዎቻችን ቤት የሠራነው እዚያ ጨፌ ላይ ነው። ብሎኬቱ ከመደርደሩ በፊት እንቁራሪቶቹ ነበሩ፣ ችግሩ ካርታ አላወጡም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ "ደግሞ እነዚህ ከየት መጡ?" ሲባል ስሰማ ትንሽ ያስቀኛል።

አንዲት ጎረቤት አሉኝ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ። እንቁራሪት ወባ ያመጣል ብለው ድርቅ ብለዋል።

"እማማ፣ ወባ የምታመጣው ትንኝ ናት፣ እሷም እዚህ ብርድ ላይ አይሆንላትም" እላቸዋለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ወባ ደግሞ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ጣጣ ነው።

"ታዲያ እሱ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ትንኟን ይበላል።"

"አይ ልጄ፣ አንተ ደግሞ ጠበቃ የማትቆምለት የለም" ብለው ይስቃሉ። ጨዉን ግን አልተዉም።

ጨው ለምን እንደሚገድለው ልንገራችሁ። እንቁራሪት ውሃ በአፉ አይጠጣም፣ በቆዳው ነው የሚመጠው። አየርም በከፊል በቆዳው ይወስዳል። ለዚህ ነው ቆዳው ስስና እርጥብ የሆነው። ጨው ሲነካው ከሰውነቱ ውሃ ይመጥጥበታል፣ በረኪናው ደግሞ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው፣ ለማየትም አይመችም። ከፈራችሁት በመጥረጊያና በአካፋ ይዛችሁ ከአጥር ውጪ ማውጣት ትችላላችሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ መለየቱ። "እንቁራሪት" ብለን ሁሉንም ባንድ ስም ነው የምንጠራው። እንደኛ ባለ ግቢ ውስጥ ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ሊገጥማችሁ ይችላል። ለመለየት ታዲያ ቀለም አትዩ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተውም እሱ ነው። እግሩን፣ ቆዳውንና የዐይኑን ብሌን እዩ።

ጉርጥን ማንም ይለየዋል። ቆዳው ደረቅና ጎርባጣ፣ እግሩ አጭር፣ ሰውነቱ ደንዳና ነው። ሲዘል እንኳ አጭር አጭር ነው፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ይራመዳል። ማታ በረንዳ መብራት ስር ተቀምጦ የሚወድቀውን ነፍሳት የሚለቅመው እሱ ነው። ከዐይኑ ጀርባ ግራና ቀኝ ያበጠ ነገር ታያላችሁ። ዕጢ ነው፣ መርዙም ያለው እዚያ ነው። አዎ፣ እዚህ ላይ የሰፈሩ ወሬ እውነት አለው፤ ጉርጥ መርዝ አለው። ግን አይናከስም፤ ጭራሽ ጥርስም የለው። መርዙ የሚሠራው ሌላው እሱን ሲነክሰው ነው። ውሻችሁ ጉርጥ ጎርሶ አረፋ ከደፈቀ አፉን በብዙ ውሃ እጠቡለት፣ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። እናንተ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ ሳትታጠቡ ዐይናችሁን አትሹ። ይኸው ነው። ኪንታሮት ያመጣል የሚባለው ግን ተረት ነው። ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው። ጉርጥ ጀርባው ጎርባጣ ስለሆነ ብቻ ስሙ ጠፋ።

ሁለተኛው ሳር ውስጥ ስትራመዱ ከእግራችሁ ስር ተስፈንጥሮ የሚሰወረው ነው። የሳር እንቁራሪት እንበለው፣ በሳይንስ ስሙ ፕቲካዴና ነው። አፍንጫው ሾል ያለ፣ የኋላ እግሩ በጣም ረጅም፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርዱ ቀጫጭን የቆዳ ሽብሽቦች አሉት። አንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጀርባው መሃል ላይ ነጣ ያለ መስመር አለው፣ ሌላው የለውም። እንዲህ ተለያይተው አንድ ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀለም አትዩ ያልኩት ለዚህ ነው። የባሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቁርጥ ተመሳስለው የተለያዩ አሉ። የኢትዮጵያ ደጋ የሳር እንቁራሪቶች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ባንድ ስም ሲጠሩ ኖሩ። በኋላ የዘረ መል ምርመራ ሲደረግ ከ10 በላይ ዝርያ ሆነው ተገኙ። አንዱ ዝቅ ያለውን አገር ይዟል፣ ሌላው ከፍታውን። ስለዚህ ግቢያችሁ ያለውን "የሳር እንቁራሪት ነው" ካላችሁ በቂ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ላብራቶሪ ይፈልጋል። ፌስቡክ ላይ አንድ ደብዛዛ ፎቶ አይተው የዝርያ ስም የሚደረድሩትን ብዙ አትመኑ።

ሦስተኛውን ሳላዳላ ማውራት አልችልም። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ይባላል። በአፍሪካ ያሉ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። እሱ ግን ዛፉን ትቶ መሬት ወርዷል፣ አፈር ቆፍሮ ይገባል። ጎመን መደብ ስትኮተኩቱ ከጓል ጋር ድቡልቡል ብሎ የሚወጣ እንቁራሪት ካያችሁ፣ ምናልባት እሱ ነው። ሰውነቱ ሙሉ፣ እግሩ ከሳር እንቁራሪቱ በጣም ያጠረ፣ ራሱ ሰፋ ያለ፣ ዐይኑ ትልልቅ። ማረጋገጫው ብሌኑ ነው። ማታ ባትሪ አብሩበት። መሃል ያለው ጥቁር ጠብቦ ከላይ ወደ ታች የቆመ መስመር ይሆናል፣ የድመት ዐይን እንደሚሆነው። የጉርጡና የሳር እንቁራሪቱ ብሌን ግን ጋደም ያለ ነው። ይህን አንዴ ካያችሁት ከዚያ በኋላ አይጠፋችሁም።

አንድ ቀን ማታ የኛን ዘበኛ ጠርቼ አሳየሁት። የሰፈሩ ዋና ገዳይ እሱ ነበር፣ ዱላውም አለ። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ቆስጣው ስር፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ግማሹ ውጪ ሆኖ ተቀምጧል። ባትሪውን ሲያበራበት እንቁራሪቱ አልሸሸም። ጉሮሮው ብቻ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ዐይኑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ቀጠነ። ከዚያ በኋላ እግሮቹን ወደ ጎን እየገፋ፣ ወደ ኋላው፣ በቂጡ በኩል አፈር ውስጥ መግባት ጀመረ። ዘበኛው ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ሪቨርስ ያውቃል እንዴ?" አለኝ። አሁን ሌላውን ሁሉ ይመታል፣ እሱን አይነካም። አንድ ተረፈ ማለት ነው።

ይሄ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። ሰው ዋልያንና ቀይ ቀበሮን በኩራት ያወራል፣ ጥሩ ነው፣ ግን እነሱን ለማየት ሰሜንና ባሌ ድረስ መሄድ አለባችሁ። ይሄኛው ቆስጣችሁ ስር ነው።

አራተኛው ከውሃ ብዙም አይወጣም። ውሃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ፣ በኩሬ፣ አንዳንዴም አፉ በተከፈተ በርሚል ውስጥ ይገኛል። ዜኖፐስ ነው፤ የኛ ደጋው ዜኖፐስ ክሊቪ ይባላል። ጠፍጣፋ ነው፣ በጣም ያሙለጨልጫል፣ ዐይኖቹ አናቱ ላይ ሆነው ወደ ሰማይ ያያሉ። የኋላ እግሩን ብታዩት ሦስቱ ጣቶች ጥቁር ጥፍር አላቸው። ጥፍር ያለው እንቁራሪት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ምላስ የለውም፤ ምግቡን በፊት እጆቹ እየገፋ ነው አፉ ውስጥ የሚከተው። "በርሚል ውስጥ እንዴት ገባ?" ትሉኛላችሁ። ዝናብ ባለበት ሌሊት መሬት ለመሬት ከውሃ ወደ ውሃ ይሄዳል። በርሚሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ገብቶ መውጣት ያቅተዋል።

ልጆቹ ደግሞ ጉድ ናቸው። የሰፈራችን ሕፃናት በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው "ቲቸር፣ አምባዛ ያዝን!" ብለው መጡ። ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ሰውነቱ መስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል። ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ሪዝ ወጥተዋል። ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ቆሞ የጭራውን ጫፍ ብቻ ያንቀጠቅጣል። አምባዛ አይደለም፤ የዜኖፐስ ልጅ ነው። የሚበላውም ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ነገር እያጠለለ ነው። የጣሉለት ዳቦ ውሃውን ከማሽተት በቀር ፋይዳ የለውም። የሌሎቹ ልጆች ግን ጠቆር ያሉ፣ ሪዝ የሌላቸው፣ ታች ድንጋይና ቅጠል ላይ ያለውን አልጌ የሚፍቁ ናቸው። ዕንቁላሉም ይለያል። የጉርጥ ዕንቁላል በረጅም ክር ላይ እንደተሰካ ሆኖ ውሃው ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ክር ካያችሁ እናትየው ጉርጥ ናት።

ከወሬ ወሬ፣ የዜኖፐስ ዘመድ የሆነው የደቡብ አፍሪካው እንቁራሪት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የእርግዝና መመርመሪያ ነበር። የሴትየዋን ሽንት እንስቷ እንቁራሪት ላይ በመርፌ ይወጓታል። ሴትየዋ አርግዛ ከሆነ እንቁራሪቷ በሰዓታት ውስጥ ዕንቁላል ትጥላለች። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር የማይነቃ ተማሪ የለም።

ደጋው ውስጥ ሌላም አለ፣ ግቢዬ ውስጥ ግን አላየሁትም። ፓራካሲና ይባላል፣ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ ይውጣል። ጎመን የሚተክል ሰው ይህን ሲሰማ ዐይኑ ሲበራ አይቻለሁ። ካያችሁት እባካችሁ ጻፉ።

ወደ እንሽላሊቶቹ ልሂድ። እነሱ ጋ ነገሩ ቀለል ይላል፣ ምክንያቱም ደጋ ስለሆንን ብዙ ዓይነት የለንም። አዳማና ድሬዳዋ ግድግዳ ላይ ማታ ማታ የሚሮጠው ጌኮ ሙቀት ይወዳል። ባቱና ሐዋሳ ድንጋይ ላይ ሆኖ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ባለ ሰማያዊ ራሱ አጋማም እንደዚሁ። አርጃኖማ እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ነው፣ ወንዝ ዳር ነው ቦታው። አንድ የሰፈራችን ልጅ የጣት ቁመት ያላት እንሽላሊት አይቶ "ስታድግ አዞ ትሆናለች" ብሎ ጓደኞቹን አሳምኖ ነበር። ዕድሜ ልኳን ብትበላ አዞ አትሆንም።

የኛ ዋነኛ እስስት ነው። በእሱ ላይ ያለው ጥላቻ ከሁሉም የከፋ ነው። ሰው አቋሙን ሲቀያይር የምንሰድበው በእሱ ነው፣ "ከነከሰ መድኃኒት የለውም" ይላሉ፣ ያየው ሰው ሁሉ ድንጋይ ያነሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ እስስት መርዝ የለውም። እስስት ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ሰው የሚገድል መርዝ ያለው አንድም እንሽላሊት የለም። ሲያዝ ሰውነቱን ነፍቶ፣ አፉን ከፍቶ እፍ ይላል። ያ ማስፈራሪያ ነው፣ ከኋላው ምንም የለም። ቢነክስም የጥርሱ ነገር ያን ያህል ነው።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ግቢዎች ውስጥ የሚታየው ትንሹ እስስት በሳይንስ ስሙ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ነው። ለዓለም ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ዞሮ ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ጽጌረዳ፣ ጌሾ፣ የጽድ አጥር፣ ቁጥቋጦ የሆነ ነገር ይወዳል። እጁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጣቶቹ በሁለት ወገን ታስረዋል፤ የፊት እግሩ ላይ ሦስቱ ወደ ውስጥ ሁለቱ ወደ ውጪ፣ የኋላው ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ቅርንጫፍ ጨብጦ ለመያዝ ነው። ሁለቱ ዐይኖቹ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ እናንተን ሲያይ ሌላው ዝንቧን ይፈልጋል። ቀለሙን የሚቀይረው በአብዛኛው ለመደበቅ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ሲበርደው ይጠቁራል፣ ፀሐይ ቶሎ እንዲያሞቀው። ሲናደድ፣ ሲፈራ፣ እንስት ሲያይ ሌላ ይሆናል። ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ የምታውቁ፣ ማለዳ ላይ ጥቁር እስስት ብታዩ አትፍረዱበት።

ቀን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ማታ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። ሲተኛ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙም ይነጣል። ቅጠሉ መሃል ነጭ ሆኖ ብርሃን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጥራችሁን ልታስተካክሉ ከሆነ ማታውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩና ጠዋት መቀሱን አንሱ።

ሌላው ለስላሳው እንሽላሊት ነው፣ ስኪንክ የሚሉት። ቅርፊቱ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ አንገቱ ከራሱ ብዙም አይለይም፣ እግሩ አጭር ነው። ብሎኬት ክምር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሰው ሲያይ ክፍተቱ ውስጥ ሽው ይላል። ሲገባ የሚታየው ጭራው ብቻ ስለሆነ "እባብ ገባ!" ተብሎ ክምሩ በሙሉ ይፈርሳል። ጭራውን ከያዛችሁት ጥሎላችሁ ይሄዳል፤ የተቆረጠው ጭራ ሲወራጭ እናንተ እሱን ታያላችሁ፣ ባለቤቱ አመለጠ። ከጊዜ በኋላ ሌላ ያበቅላል። እስስት ግን ይህ ዘዴ የለውም። ጭራው ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፣ እሷ ደግሞ አምስተኛ እጁ ናት። ልጆቻችሁን ይህን ንገሯቸው።

እባብና እንሽላሊት የተምታታባችሁ እንደሆነ፣ ከሩቅ ሆናችሁ ዐይኑን እዩ። ዐይኑን ከከደነ እባብ አይደለም፤ እባብ የዐይን ቆብ የለውም። ከዐይኑ ኋላ የጆሮ ቀዳዳ ካለም እባብ አይደለም። እግር ካላያችሁና እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን አትጠጉ። ለመለየት ብሎ እጁን ቀዳዳ ውስጥ የሚሰድ ሰው አይጠፋምና ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም በዋናነት ለዚህ ነው። ጨውስ እሺ፣ አንዱን ነው የሚገድለው። አሁን የመጣው ግን ግቢ ለግቢ እየዞሩ የሚረጩ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። "ተባይ ሁሉ እናጠፋለን" ብለው ጎረቤቶቼ ጋ ገቡ፣ ሳሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቦዩንም ጭምር ረጩት። ምን እንደሆነ ስጠይቅ "መድኃኒት ነው" ተባልኩ። የምን መድኃኒት? የጠርሙሱ ላይ ወረቀት ተልጧል። የሚረጨው ልጅ ጓንት እንኳ የለውም፤ ለሱም አዘንኩ። ማታውን ዘነበ። በማግስቱ ቦዩ ላይ እንቁራሪቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፣ ጉርጦቹም ተከትለው። በቆዳው ውሃ የሚጠጣ እንስሳ ላይ መርዝ ከረጫችሁ አጠጣችሁት ማለት ነው። በዚያ ክረምት የጎረቤቶቼን ጎመን ቀንድ አውጣ ፈጀው። በርጭቱ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፣ ዝናቡም ብዙ ነበር። ግን ያ ቦይ የሚፈሰው ወደ ከብቶች መጠጫ ነው፣ ይህን ለመናገር ባዮሎጂ መማር አያስፈልግም። የሚረጭ ካለ ምን እንደሚረጭ ይንገረን፣ ወረቀቱን ያሳየን። ቦይና ኩሬ አይረጭ። ይህን የሚቆጣጠር የመንግሥት አካል ካለ በጋዜጣችሁ ይመልስልን።

"እንቁራሪት ቢሞት ምን ይጎድላል?" ለሚሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የቅርብ ዘመዶቹ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሌላ አገር የሉም። ባሌ ሐረና ጫካ አካባቢ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ የቀሩ፣ ሊጠፉ ጫፍ የደረሱ አሉ። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃው፣ በሌላው ዓለም ብዙ ዝርያ ያጠፋው ፈንገስም አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ከአንድ ኩሬ ይዛችሁ ሌላ ኩሬ ውስጥ አትልቀቁ፤ ለማዳን ብላችሁም ቢሆን። ባገኛችሁበት አካባቢ ይቆይ።

ማየት ለሚፈልግ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። አራት ኪሎ በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ብዛት ስንት ነው፣ ገብቶ ያየው ግን እንጃ። ልጆች ይዛችሁ ሂዱ።

ማዕዘኗን ከፈቀዳችሁልን ደግሞ አንባቢዎች ፎቶ ሲልኩ ከላይ ብቻ አንስተው እንዳይልኩ አስታውሱልኝ። የጀርባ ፎቶ ብቻውን ብዙም አይረዳም። አንድ ከጎን፣ ዐይኑ እንዲታይ፤ አንድ የኋላ እግሩ፣ ጣቶቹ እንዲታዩ፤ ከተቻለ አንድ የሆዱ፣ በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ ከታች ማንሳት ይቻላል። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ። የሚጮህ ከሆነ በስልካችሁ ድምፁን ቅዱት፣ ከፎቶው የበለጠ የሚለየው እሱ ሊሆን ይችላል። እጃችሁ ላይ ላርጎ ወይም ቅባት ካለ አትንኩት፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ እርጥብ እንዳለ ያዙት። ከለቀቃችሁት በኋላ ደግሞ በሳሙና ታጠቡ። ቦታውን፣ ወሩንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ላኩ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባዮሎጂ አስተማሪ
ከሱሉልታ